የሰፈር ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ውሎና የማህበረሰብ ስራው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስልክ ላይም ሪሴፕሽን ላይም እየተመላለሱ የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናቸዋል። ግማሹ ስለ ህክምናው ነው፣ ግማሹ ደግሞ "እናንተ ክሊኒክ ናችሁ፣ የእግር ጉዞና የትምህርት ቤት ፕሮግራም ምን አገባችሁ?" አይነት ነው። ለኛ ሁለቱ አይለያዩም፣ ለምን እንደዛ እንደምንል መልሶቹ ውስጥ አለ።

ፊዚዮቴራፒ ማለት ማሳጅ ነው አይደል?

አይ። በእጅ የምንሰራው ነገር አለ፣ የደነደነ ጡንቻ ማላላት፣ የተያዘ መገጣጠሚያ ማንቀሳቀስ ምናምን፣ ግን ያ የስራው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ስራ ሰውነታችሁ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ መመርመርና የጠፋውን እንቅስቃሴ በልምምድ መመለስ ነው። ጉልበታችሁ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ በጎኒዮሜትር እንለካለን፣ ለጡንቻ ጥንካሬ ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንሰጣለን፣ ስትራመዱ፣ ከወንበር ስትነሱ፣ ደረጃ ስትወጡ እናያለን፣ ከዛ ነው ልምምዱ የሚታዘዘው። ሰው ማሳጅ ነው ብሎ ቢያስብ ግን አይፈረድበትም፣ በ1894 እንግሊዝ ውስጥ አራት ነርሶች ያቋቋሙት የሙያ ማህበር ራሱ በማሳጅ የሰለጠኑ ሴቶች ማህበር ነበር። በኋላ የአንደኛው የአለም ጦርነት ቁስለኞች መጡ፣ የፖሊዮ ወረርሽኝ መጣ፣ ስራውም ወደ ልምምድና ተሀድሶ (ከበሽታ ወይ ከጉዳት በኋላ የጠፋን አቅም መመለስ) እየዞረ ሄደ።

ለምንድነው ሁሉም ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚሰራው?

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲገባ ግር ይለዋል። ህክምና ሲባል በር የተዘጋ ክፍል ነው የሚጠብቀው፣ እዚህ ግን አንዱ ፓራለል ባር (ግራና ቀኝ የሚያዙ ሁለት ብረቶች) ይዞ እርምጃ ይለማመዳል፣ አንዷ ሳይክሉ ላይ ናት፣ ጥግ ላይ አንድ ልጅ ትልቁ ኳስ ላይ ተቀምጦ ይስቃል፣ ሌላው ላስቲክ እየጎተተ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ሁሉም በአንዴ። አንዱ ምክንያት የቦታና የሰው እጥረት ነው፣ ምን እንደብቃለን፣ አንድ ቴራፒስት አንዱን በእጁ እያሰራ ሌላውን በአይኑ መከታተል ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለኛ ይበልጣል። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ገና የመጣ ሰው እኛ "አይዞህ ይታጠፋል" ስንለው በግማሽ ልቡ ነው የሚሰማን፣ ከሱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ኦፕራሲዮን የሆነው ሰውዬ ግን ከጎኑ ቁጭ ብሎ ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን እያሳየው ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ ሲያደርግለት ነገሩ ሌላ ነው። ይሄን እኛ አላስተማርናቸውም፣ ታካሚዎቹ ራሳቸው ናቸው ያመጡት። አንዳንዴ እንዲያውም ይበዛና አንዱ ለሌላው ልምምድ ማዘዝ ይጀምራል፣ እዛ ላይ ጣልቃ እንገባለን፣ ለአንዱ ወገብ የተሰጠ እንቅስቃሴ ሌላውን ወገብ ሊያብስበት ይችላላ።

የተዘጋ ክፍል የለም ማለት ግን አይደለም። የመጀመሪያው ምርመራ፣ ልብስ ማውለቅ የሚያስፈልግበት ነገር፣ ከወሊድ በኋላ ሽንት አልቆጣጠር ሲል የሚሰጠው ህክምናና የመሳሰለው በር ተዘግቶ ነው የሚሰራው። መጋረጃውን ሳቡልኝ፣ ሴት ቴራፒስት ትሁንልኝ፣ ወንድ ይሁንልኝ፣ እህቴ አብራኝ ትግባ ማለት መብታችሁ ነው፣ ምክንያት አንጠይቅም።

ምን ለብሼ ልምጣ?

የሚመረመረው ቦታ በቀላሉ የሚታይበት ልብስ። ለጉልበት ቁምጣ ወይ ሰፋ ያለ ሱሪ፣ ለትከሻ እጅጌ የሌለው ነገር፣ ጫማው የማያንሸራትት። ኤክስሬይ ወይ ኤምአርአይ ካላችሁ ያዙ፣ የምትወስዱትን መድሃኒት ደግሞ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ ከሆነ ማወቅ አለብን።

ያለ ሀኪም ወረቀት መምጣት ይቻላል?

እንደየሀገሩ ህግ ነው። አንዳንድ ቦታ በቀጥታ ይገባል፣ አንዳንድ ቦታ ሪፈር ግድ ነው፣ ኢንሹራንስም የራሱ ህግ አለው። ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፣ በቃ።

ልምምዱ ሲያመኝ ላቁም?

ህመም ሁሉ ጉዳት አይደለም፣ ይሄን መቀበል ለታመመ ሰው ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ከ0 እስከ 10 ስትመዝኑት 3 ወይም 4 አካባቢ የሆነ፣ ስትጨርሱ እየቀለለ የሚሄድና በነጋታው ጠዋት ወደነበረበት የሚመለስ ህመም አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። በነጋታው ከበፊቱ ከባሰ፣ መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ካስነሳችሁ በዝቷል ማለት ነው፣ ቀንሱትና ንገሩን። እኛን ደስ ለማሰኘት ጥርሳችሁን ነክሳችሁ አትስሩ፣ ያ ህመሙን እንዳናውቀው ከማድረግ ውጪ ምንም አይጠቅምም።

ቀጠሮ የማይጠበቅላቸው ነገሮች ግን አሉ። ወገባችሁን እያመማችሁ ድንገት መሽናት ካቃታችሁ ወይም ሽንትና ሰገራ ካመለጣችሁ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮቻችሁ እየዛሉ ከሄዱ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከኦፕራሲዮን ወይም ብዙ ከመተኛት በኋላ አንዱ ባት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል እንዳታሹት፣ የዛኑ ቀን ይታይ፣ ትንፋሽ ማጠርና የደረት ህመም ከተጨመረበት ደግሞ አምቡላንስ ጥሩ። ፊት አንድ ጎን ከወደቀ፣ አንድ እጅ አልነሳ ካለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ስትሮክ ነው ብላችሁ ሩጡ፣ "ትንሽ ይረፍ እስቲ" ተብሎ የሚባክነው ሰዓት ነው በኋላ እኛ ጋ የወራት ስራ የሚሆነው።

ለምን ማሽን አታደርጉልኝም? ሌላ ቦታ እኮ ያደርጋሉ

ይሄ ጥያቄ የማይመጣበት ሳምንት የለም። ማሽኖቹ አሉን፣ ለአንዳንድ ችግር እንጠቀምባቸዋለን፣ ህመም ለጊዜው ቀለል አድርጎ ልምምዱን ለመጀመር ሊረዳ ይችላል። ግን ለቆየ የወገብ ህመም የአለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው መመሪያ አልትራሳውንድ (ፎቶ የሚያነሳው ሳይሆን ለህክምና የሚደረገው)፣ ቴንስ (ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ሽቦ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ ወገብ መጎተትና የወገብ ቀበቶ እንደ መደበኛ ህክምና እንዳይሰጡ ነው የሚመክረው፣ ትምህርትና ልምምድ ግን ይሰጥ ይላል። ተኝቶ ማሽን ማስደረግ እንደሚመች ይገባናል፣ ሰውም የታከመ የታከመ የሚመስለው ያኔ ነው፣ ግን ወር ሙሉ ሽቦ ተለጥፎላችሁ በሄዳችሁበት ሁኔታ ከምትመለሱ እየተነጫነጫችሁም ቢሆን ብትሰሩ እንመርጣለን።

የቤት ስራው ግዴታ ነው?

ግዴታ ብንለውም ባንለውም ቤታችሁ መጥተን አንቆጣጠርም። ሂሳቡን ግን እዩት፣ ሳምንት 168 ሰዓት ነው፣ እኛ ጋ ሁለት ሰዓት ብትሆኑ 166ቱ ሌላ ቦታ ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው፣ ሚዛን የሚመለሰው፣ አንጎል አዲስ እንቅስቃሴ የሚማረው በመደጋገም ነው፣ ያ መደጋገም ደግሞ በሁለት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ከስምንት አይነት ልምምድ ይልቅ ሁለት ሦስት ሰጥተን እነሱን በየቀኑ ብታደርጉ ይሻላል እንላለን፣ እንዲያውም ረጅም ዝርዝር ከተሰጣችሁ "ከዚህ ውስጥ ዋናው የቱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከምታደርጉት ነገር ጋር ማያያዝም ይረዳል፣ ጥርስ ስትቦርሹ በአንድ እግር መቆም፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ከሶፋ መነሳትና መቀመጥ።

ከክሊኒክ ውጪ ያለው ስራችን ሁሉ ከዚህ 166 ሰዓት ነው የሚነሳው። ሰውዬው ልምምዱን የሚሰራው እቤቱ፣ መንገዱ፣ ስራ ቦታው፣ ከልጆቹና ከጎረቤቶቹ ጋር ነው፣ እነሱ የማያውቁት ነገር ደግሞ አይሰራም። አብሮት የሚራመድ ጓደኛ ያገኘ ሰው ይራመዳል፣ ወረቀት ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አስታማሚ አብሮ መግባት ይችላል?

ይግባ እንጂ፣ ባይመጣ ነው ቅር የሚለን። በተለይ የስትሮክ ታካሚ ከሆነ ከቤት አንድ ሰው ሳናሰለጥን መላክ አንወድም። በጣም የምናየው ነገር፣ ቤተሰብ ደግ ሆኖ የደከመውን እጅ ይዞ ጎትቶ ያስነሳል፣ የዛለ ትከሻ ደግሞ የሚይዘው ጡንቻ ስለሌለ ከቦታው ወረድ ይላል፣ ያማል፣ ህመሙ ደግሞ እጁን ማሰራት ራሱን ያከብደዋል። እጅ አይጎተትም። በደከመው ጎን በኩል ቁሙ፣ አንድ እጃችሁን ከጀርባው፣ ሌላውን ወገቡ ላይ ባለው ቀበቶ አድርጉ፣ እሱ እግሩን ወደኋላ ሰብስቦ አፍንጫው ከእግሩ ጣቶች በላይ እስኪሆን ወደፊት ጎንበስ ይበል፣ ከዛ ይነሳ። ሲተኛም የዛለው እጅ ትራስ ላይ ይረፍ።

ሌላው የደግነት ችግር ሁሉንም ነገር ሰርቶ መስጠት ነው። አባታችሁ ሸሚዛቸውን ለመቆለፍ ረጅም ጊዜ ሲወስድባቸው ማየት ያንገበግባል፣ እናውቃለን፣ ግን ያ ቁልፍ ልምምዱ ነው፣ እናንተ ስትቆልፉላቸው ቴራፒውን ነጠቃችኋቸው ማለት ነው። ከስትሮክ በኋላ ፈጣኑ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው የሚታየው፣ ከዛ በኋላም ግን ይቀጥላል፣ "ስድስት ወር ካለፈ በቃ" የሚሉትን አትስሙ።

አስታማሚዎች ለብቻቸው የሚገናኙበት ሰዓትም እናዘጋጃለን፣ መጀመሪያ ለማሰልጠን ብለን ነበር የጀመርነው፣ አሁን ግን አብዛኛው ሰዓት እርስ በርስ በማውራት ነው የሚያልቀው፣ እኛም ብዙ አንናገርም። ሌሊት ስንቴ እንደሚነሳ፣ ወገቡን እንዴት እንዳመመው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ሌላው ሰው ለምን እንደማያግዝ የሚነግረው የሚገባው ሰው ይፈልጋል። በነገራችን ላይ ለታመመ ሰው መጥተው በዛው ወገባቸውን የሚታከሙ አስታማሚዎች ትንሽ አይደሉም።

ክሊኒክ ሆናችሁ ከግቢ ውጪ መስራት ለምን አስፈለገ? ማስታወቂያ ነው?

ሰው በዛ ያውቀናል፣ እሱን አንክድም። ግን ቁጥሩን እዩት። የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአመት 684,000 ሰው በመውደቅ ይሞታል፣ በአለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ሰው ተሀድሶ ሊጠቅመው የሚችል የጤና ችግር አለበት፣ በ2020 የወገብ ህመም ያለበት ሰው ብቻ 619 ሚሊዮን ነበር። ይሄን ሁሉ ሰው አልጋ ላይ አስተኝቶ አንድ በአንድ የሚያክም የትም ሀገር የለም። ደግሞ መውደቅ ከብዙ ነገር በተለየ መከላከል የሚቻል ነው፣ የሚዛንና የጥንካሬ ልምምድ የሚሰሩ አዛውንቶች ከማይሰሩት ጋር ሲነጻጸሩ የሚወድቁበት ብዛት በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትልቅ ግምገማ በ2019 አሳይቷል። ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ ከምናገኛቸው አሁን በእግራቸው ቆመው ብናገኛቸው አይሻልም?

የአዛውንቶች የሚዛን ቡድን ውስጥ ምን ይሰራል?

መጀመሪያ እንለካለን። ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ፣ ሰዓት ተይዞ፣ 12 ሰከንድና ከዛ በላይ የወሰደበት ሰው የመውደቅ ስጋት አለው ብለን በደንብ እናየዋለን። በ30 ሰከንድ ውስጥ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ስንቴ ከወንበር እንደሚነሳም እንቆጥራለን። እዚህ ላይ ውድድር ይጀመራል፣ እኛ አይደለንም የምናስጀምረው፣ "እሷ ስንት አመጣች?" የሚል ሁልጊዜ አለ።

ከዛ ልምምዱ ነው፦ ከወንበር መነሳት፣ በጣት ጫፍ መቆም፣ ተረከዝና ጣት አገናኝቶ በመስመር መሄድ፣ ወደ ጎን መራመድ፣ እየተራመዱ ማውራት ወይም ወደኋላ መቁጠር (ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሀሳቡ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው)። ሁሉም ሰው የሚደገፍበት ነገር አጠገቡ አለ፣ ግን ልምምዱ ትንሽ ሊያንገዳግድ ይገባል፣ ምንም የማያንገዳግድ የሚዛን ልምምድ ሚዛን አያሰለጥንም። ስለ ቤትም እናወራለን፣ መንገድ ላይ የተነጠፈ የሚንሸራተት ምንጣፍ፣ ሌሊት መብራት የሌለው ኮሪደር፣ መያዣ የሌለው ሽንት ቤት፣ ጀርባው ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ፣ እንቅልፍ መድሃኒት።

እኛን ራሳችንን የገረመን፣ ሰው የሚቀረው ሲያመው ሳይሆን ሰው ሲያጣ ነው። አንዷ እናት ከቀሩ አጠገባቸው የምትቆመዋም ትቀራለች፣ ስለዚህ ሲቀሩ የሚደውልላቸው ከቡድኑ ውስጥ ሰው መርጠናል፣ እኛ ስንደውል የቀጠሮ ስልክ ይመስላል፣ እነሱ ሲደውሉ ግን ይመጣሉ።

የእግር ጉዞውስ ለማን ነው?

ለማንም። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር። መካከለኛ ማለት እየሄዳችሁ ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን አትችሉም። ዋከር (በሁለት እጅ የሚያዝ የመራመጃ ድጋፍ) የያዘ ሰውም ይመጣል፣ ሁለት ፍጥነት አለን፣ የኋለኛው ቡድን ወሬው የደራ ነው ተብሎ የሚችሉትም እዛ ይቀራሉ።

ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ምን ታስተምራላችሁ?

ወላጆች የሚጠብቁት "ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ" እንድንል ነው። አንልም። አንድ ትክክለኛ አቀማመጥ የሚባል ነገር የለም፣ ልጅን የሚጎዳው ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀስ መቀመጡ ነው፣ ስለዚህ መምህራኑን በየመሀሉ አስነሷቸው ነው የምንለው። ቦርሳን በተመለከተ ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል፣ ሁለቱም ማንገቻ ትከሻ ላይ ይሁን፣ ግን ልጅ ሁሉ ጀርባው የሚታመመው በቦርሳ ነው ብላችሁ አትደናገጡ።

ብዙ ጊዜ የምናጠፋው ከስፖርት ቡድኖቹ ጋር ነው። ኢለቨን ፕላስ የሚባል ፊፋ ያስተዋወቀው የእግር ኳስ ማሟሟቂያ አለ፣ ወደ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ሩጫ፣ ጥንካሬ፣ ሚዛን፣ ዝላይና አወራረድ ያለበት ነው፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲሰራ ጉዳትን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል። ኳስና ኮን በቂ ነው፣ ምንም መሳሪያ አይፈልግም። ችግሩ አሰልጣኙ ነው፣ ሁለት ሳምንት ያሰራቸውና ጊዜ የለንም ብሎ ይተወዋል፣ ከዛ ኤሲኤል የሚባለው የጉልበቷ ጅማት የተበጠሰ ልጅ ትመጣለች፣ የኤሲኤል ኦፕራሲዮን ደግሞ ወደ ውድድር ለመመለስ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ነው። ለአሰልጣኞች ሁልጊዜ የምንነግራቸው ሌላው ነገር ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት ወይም የተምታታበት ልጅ ያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፣ "ደህና ነኝ" ቢልም።

ሩጫ ውድድር ላይ ድንኳን ውስጥ የምታሹት በነጻ ነው?

ነጻ ነው፣ ሰልፉ ግን ይረዝማል። ማሸቱን ከፈለጋችሁ እሺ፣ ባይሆን ከጨረሳችሁ በኋላ ትንሽ ብትራመዱ ይመረጣል፣ ድንገት ቆማችሁ ራሳችሁን እንዳትስቱ።

በጎ ፈቃደኛ መሆን እፈልጋለሁ፣ ምን ልስራ?

እንኳን ደህና መጡ፣ የሚሰራ ሞልቷል። የመጣን ሰው ተቀብሎ ማስቀመጥ፣ ዊልቸር መግፋት፣ አልጋና ላስቲክ ማጽዳት፣ ለቡድን ክፍሉ ወንበር መደርደር፣ የእግር ጉዞ ላይ ከኋለኛው ቡድን ጋር መሄድ፣ ማንበብ ለሚከብደው ሰው ልምምዱን በድምጽ መቅዳት፣ ቋንቋ ማስተርጎም። ጸጉር አስተካካይ፣ አናጺ፣ ልብስ ሰፊ ሁሉ ጠቅሞናል፣ አንድ ጎበዝ አናጺ ያለው ክሊኒክ የመለማመጃ ደረጃ አይገዛም።

የማይሰራ ደግሞ አለ። በጎ ፈቃደኛ ታካሚን አያክምም፣ ልምምድ አያዝም፣ ሳይሰለጥን ሰው አያነሳም፣ የታካሚ ፋይል አይከፍትም፣ ማን ለምን እንደሚታከም ደግሞ ከበር ውጪ አያወራም። የመጨረሻዋ ናት የምትከብደው፣ ሰፈር ስለሆነ ሁሉም ይተዋወቃል፣ "እሷን እዛ አየኋት" ማለት ወሬ አይመስልም፣ ግን ነው። ከልጆች ጋር ለሚሰሩት የጀርባ ታሪክ ማጣራት እንጠይቃለን፣ ማንም አይከፋው።

እና እባካችሁ፣ በወር አንድ ቀን ሳትቀሩ ብትመጡ ሁለት ሳምንት በየቀኑ መጥቶ ከሚጠፋ ሰው እንመርጣችኋለን።

ተማሪ ቢያክመኝ እምቢ ማለት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ህክምናችሁ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም። ተማሪ ብቻውን አይደለም፣ ፈቃድ ያለው ቴራፒስት ይከታተለዋል። ግን አንድ ነገር እንናገር፣ ተማሪ ጊዜ አለው፣ ጥያቄም ያበዛል፣ እሱ ጥያቄ አንዳንዴ እኛ ቸኩለን ያለፍነውን ነገር ያወጣል።

የማንጠቀምበት ክራንችና ዋከር አለ፣ ትቀበላላችሁ?

በደስታ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን እዩት፣ ብረቱ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ አንቀበልም፣ ከስር ያለው ጎማ ካለቀ እኛ እንቀይረዋለን፣ ከፍታ ማስተካከያው ጠቅ ብሎ መያዝ አለበት። ዊልቸር ከሆነ ፍሬኑ ይሞከር። የተለገሰውን ለሚፈልገው ሰው በውሰት እንሰጣለን፣ ሲሻለው ይመልሳል፣ አብዛኛው ሰው ይመልሳል።

እቤት ተቀምጦ ያገኛችሁትን አንስታችሁ መጠቀም ከጀመራችሁ ደግሞ ልኩን አስተካክሉ። እጃችሁን ወደታች ለቅቃችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የከዘራው ወይም የዋከሩ መያዣ የእጅ አንጓችሁ ጋ ይድረስ፣ ስትይዙት ክርናችሁ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። የብብት ክራንች ጫፉ ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል፣ ክብደቱ እጅ ላይ ነው እንጂ ብብት ላይ መንጠልጠል ነርቭ ይጎዳል። ከዘራ ደግሞ ከሚያመው እግር በተቃራኒ እጅ ነው የሚያዘው፣ ፊልም ላይ እንኳን በተመሳሳይ ጎን ይዘውት ስናይ እንናደዳለን። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ስትወርዱ የታመመው።

ሰራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ምን ይሰራሉ?

ጠዋት አጭር ስብሰባ፣ ማን ባሰበት ማን ተሻለው፣ ከዛ ታካሚ በታካሚ ላይ፣ በመሀል መጻፍ፣ መጻፍ፣ መጻፍ። ማስታወሻው ሲታይ አሰልቺ ነው፣ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቴራፒስት ቢያያችሁ ከዜሮ እንዳይጀምር ያደርጋል። ፊዚዮቴራፒስቶች ራሳቸው ወገብና አውራ ጣት ያማቸዋል፣ አዎ፣ ትስቃላችሁ፣ ሰው ማንሳትና መጫን ስራ ነው፣ ስለዚህ "እባክህ አንተ ራስህ ሞክር፣ እኔ እደግፍሃለሁ" ስንል ከስንፍና አይደለም።

ፎቶና ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ እችላለሁ?

የራሳችሁን እንደፈለጋችሁ። ከኋላችሁ ሌላ ሰው ከታየ ግን አይሆንም፣ አዳራሹ ክፍት ስለሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ይታያል፣ ስለዚህ ጥግ ላይ አንድ ግድግዳ ለዚህ ለይተናል። እኛ የማንንም ፎቶ በጽሁፍ ሳይፈቅድ አንለጥፍም፣ ፈቅዶ ከተጸጸተም ደውሎ ይንገረን እናወርደዋለን። የሰው ድክመት ላይ ሙዚቃ አድርጎ "በፊትና በኋላ" የሚል ቪዲዮ መስራት አንወድም፣ ላይክ ያመጣል፣ ይታወቃል።

የፊዚዮቴራፒ ቀን የሚባለው መቼ ነው?

በየአመቱ ሴፕቴምበር 8፣ በኛ ጳጉሜ 3። ቀኑ የተመረጠው አለም አቀፉ የፊዚዮቴራፒ ኮንፌደሬሽን በ1951 በዛ ቀን ስለተመሰረተ ነው፣ መከበር የጀመረው ደግሞ በ1996 (ሁሉም በፈረንጆች)። ያን ቀን በራችን ክፍት ነው፣ ሰው ይገባል፣ ሚዛኑን ይለካል፣ ልጆች ክራንች ይዘው ይሯሯጣሉ፣ ቀድሞ የታከሙ ሰዎች ይመጣሉ።

ህክምናዬ ሲያልቅስ?

ሲያልቅ ያልቃል፣ ሰው ሳያስፈልገው እየመጣ እንዲቀጥል አንፈልግም። ጥሩ ክሊኒክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ምን ስትችል እንጨርሳለን?" ብሎ ይጠይቃል፣ ልጄን አቅፌ ደረጃ መውጣት፣ ስራዬ ላይ ስምንት ሰዓት መቆም፣ መሬት ተቀምጦ መነሳት፣ የናንተ መልስ ነው ግቡ። ያ ሲሟላ ቀጠሮው ይቆማል፣ ቡድኑ ግን ክፍት ነው። አንዳንዱ ታካሚ ሆኖ ገብቶ የእግር ጉዞው መሪ ሆኗል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰላም ብሎን ሄዶ ዳግም አይመጣም፣ እሱም ጥሩ ነው።

ቡድን ውስጥ መግባት አፍራለሁ፣ ግዴታ ነው?

አይደለም። ዳር ተቀምጦ ማየት ይቻላል፣ ስም መናገርም ህመም መናገርም አይጠየቅም። ብቻችሁን መስራት ከመረጣችሁ ልምምዱ ያው ነው።

ሰፈራችን ክሊኒክ የለም፣ ራሳችን ቡድን መጀመር እንችላለን?

ለምን አትችሉም። ጎማ የሌለው ጠንካራ ወንበር፣ የሚደገፉበት ግድግዳ፣ የማያንሸራትት ወለልና ሳይሰለች የሚጠራ አንድ ሰው ካለ ይጀመራል። ቢቻል አንድ ፊዚዮቴራፒስት መጀመሪያ ላይ መጥቶ ልምምዶቹን እንዲያሳያችሁና እንዲለካችሁ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ ከዛ በየጥቂት ወሩ ቢያያችሁ ይበቃል። ከወንበር መነሳት፣ ግድግዳ ይዞ በጣት ጫፍ መቆም፣ ወደ ጎን መራመድ፣ በመጨረሻ አብሮ መራመድ፣ ከትንሽ ተነስታችሁ በየሳምንቱ ጨምሩ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከሚያስተኛ አንድ ከባድ ቀን ሁለት ሦስት ቀላል ቀን ይበልጣል። የሚመዘገብ ወረቀት ይኑራችሁ፣ ማን መጣ፣ ማን ወደቀ፣ ማን አዲስ መድሃኒት ጀመረ። ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚይዘው፣ ራሱን የሚስት፣ ግፊቱ አልወርድ ያለ፣ በቅርቡ የተሰበረ ወይም ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሀኪም ይየው፣ እስከዛ ወንበር ይዞ ይቁጠርላችሁ።